የዓርብ ጨው

ባሕሩ ከታች ነው፣ ቤታችን ከላይ፣
የቫልፓራይሶ ዳገት ትከሻ ላይ፤
በመሀል ደረጃ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት፣
ድንች የተሸከመ ይመስክርበት።

ስምንት ነን በቤቱ፤ አጎቴ ሳሎን ያድራል፣
እሱ ማሳል ሲተው ሕፃኑ ይጀምራል፤
አያቴ ክኒኗን በቢላ ከፍላ፣
ግማሹን ለነገ ታኖራለች ጠቅልላ።
እናቴ ኤርሲሊያ ሰማያዊ ደብተር አላት፤
የዚህ ቤት የገንዘብ ሚኒስትር እሷ ናት።

ማታ ማታ፣ ሳህኑ ታጥቦ ሲያበቃ፣ ትጽፋለች፦
ዳቦ፣ ኪሎ ተኩል።
ሽንኩርት፣ የተመታ፣ በግማሽ ዋጋ።
ለማይኮል ጫማ — ጫማው ተሰርዞ — ሶል ማስለጠፊያ።
የዶን ኤሌውቴሪዮ ሱቅ ዱቤ፣ ከፊሉ።
ሻይ ቅጠል፦ የትናንቱ ይደገም፣ ዜሮ።
በየዓርቡም ከሁሉ በታች፣ በትንሽ ፊደል፣
ጨው፣ ስድስት መቶ ፔሶ።

የጋዙ መኪና ዳገቱን ሲወጣ፣
ሻጩ ሲሊንደሩን በብረት ሲቀጣ፣
ካን፣ ካን፣ ካን!
እናቴ «ዝም በሉ፣ የለንም» ትላለች፣
ጋዙ እንዳይሰማት በሩን ትዘጋለች፤
ከዚያ የእኛን ሲሊንደር አጋድማ እንደ በሽተኛ፣
ጭላጩን እሳት ትለምናለች ሳትተኛ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ምስር ተጥዶ ሳለ፣
አያቴ ቀመሰችው፤ «እንዴ፣ ጨው የታለ?»
ቁምሳጥኑን በረበርን፣ ጣሳውን ገለበጥን፣
ሦስት የሩዝ ፍሬና አንድ አዝራር አገኘን።
እናቴ ከማጠቢያው ቀና ሳትል፦
«ያስና፣ ማጋሊ ቤት ሂጂና አንድ ስኒ ተበደሪ።»
በየዓርቡ ጨው በሚገዛበት ቤት፣
ጨው ልመና ሄድኩኝ ጎረቤት።

ሌባ የያዝኩ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም፤
የፀጉሬን መቆረጫ «ይቆይ» ያለች ሴት፣ እንግዲህ አትሸሽም።

ዓርብ፣ የዓሣ ገበያው በር ላይ ጠበቅኳት።
ቅርፊት ክንዷ ላይ እያበራ፣ ሁለት ፌስታል ይዛ፣
ደረጃውን ትታው አለፈች።
አሳንሰሩ ጋ ሄደች፤ ያ በሐዲድ የሚሳብ አሮጌ የእንጨት ሳጥን፣
«እግር የተሠራው ለምንድን ነው?» ብላ እኛን የከለከለችን።
ሳንቲሟን ቆጥራ ሰጠች፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።
ሳጥኑ ወጣ፤ አልወረደችም።
ሳጥኑ ወረደ፤ አልወረደችም።
እንደገና ወጣ።
ፌስታሎቹ እግሯ ሥር፣ እጆቿ ጭኗ ላይ፣
ሥራ እንዳጡ ሁለት ሰዎች፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ።
ባሕሩ ሙሉውን ተዘርግቶላት አላየችውም፤
ዐይኗን ጨፍናለች።

ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባቱን በሩጫ ጨረስኩ፣
ከእሷ በፊት ደርሼ ድንች መላጥ ጀመርኩ።
ስትገባ «ደረጃው ገደለኝ» አለች።
«አረፍ በይ» አልኳት።
ሌላ አላልኩም።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤
እሷ ለራሷ የቆረሰችው ሦስት ትኬት ያህላል።

ሐምሌ ገባ፤ እዚህ ሐምሌ ብርድ ነው፤ ነፋሱ ጣሪያውን ቀደደ፤
ሕፃኑ ታመመ፣ ጋዙም ተወደደ።
የወሩን ሒሳብ ሳይ፣ ከሁሉ በታች፣
እናቴ ጨውን ሰርዛዋለች።
ዳቦ አልተሰረዘም፤ የማይኮልም ሶል፤ ጨው ብቻ።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ፣ አይደል የሚባለው?
እሷ ግን ድንጋዩን መረጠች፣ ቤቱን የሚያቆመው።

እስክሪብቶዋን አነሣሁ።
የእጅ ጽሑፏን አስመስዬ፣ በትንሽ ፊደል፣
ከፀጉሬ ላይ ቀንሼ፣
«ጨው፣ ስድስት መቶ ፔሶ» ብዬ ጻፍኩ፤
ሳንቲሙንም ደብተሩ መሀል ሸጎጥኩ።

ማታ ከፈተችው። ጣቷ መስመሩ ላይ ቆመ።
መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ ሰካች።
«ዶን ኤሌውቴሪዮ ጨው አስወደደ እንዴ?»
«አላስወደደም» አልኩ።
ከውጭ ካን፣ ካን፣ ካን።
«ዝም በሉ» አለች፣ «የለንም።»